ልጆቿን ለማሳደጊያ እንድትሰጥ የተመከረች እናት፦ በመንግሥት ወጪ የሚሠራ የቀን ማቆያ ማግኘት ትችላለች ወይ?

ጠያቂ፦ የዜሮ ክፍል መምህርት (ድሬዳዋ)

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። እኔ በድሬዳዋ ከተማ የዜሮ ክፍል መምህርት ነኝ። የምጽፈው ስለ አንዲት ተማሪዬ እናት ነው፤ ስሟንና ሰፈሯን እንዳልጠቅስ ተነጋግረን፣ ችግሯን ግን እንዳቀርብላት ፈቅዳልኛለች።

ይህች እናት ቀፊራ ገበያ አትክልት ትቸረችራለች። ከሐረማያ በኩል የሚመጣው ድንችና ጎመን የሚራገፈው ጎሕ ሳይቀድ ስለሆነ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ከቤት ትወጣለች። ፀሐዩ ሲበረታ ለጥቂት ጊዜ ቤቷ ትገባና ሙቀቱ በረድ ሲል ተመልሳ ሄዳ ከምሽቱ 2 ሰዓት አካባቢ ትመጣለች። ባሏ ሥራ ፍለጋ ጅቡቲ ከሄደ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ በመጀመሪያ ይልከው የነበረው ገንዘብም ከተቋረጠ ቆይቷል። ትልቋ ልጅ የእኔ ተማሪ ስትሆን 6 ዓመቷ ነው፤ ትንሹ ገና 2 ዓመት ተኩሉ ነው። እናት በሌለችበት ሰዓት ሕፃኑን የምትጠብቀው ይህችው የ6 ዓመት ልጅ ናት። በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ከክፍል የምትቀረውም በዚሁ ምክንያት ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ላይ ምክንያቱን ሳላውቅ ቀሪ እያልኩ ስመዘግባት ከርሜአለሁ፤ ይህ እስከ ዛሬ ይጸጽተኛል።

ከወር በፊት ትንሹ ልጅ ከሰል ምድጃ ላይ የነበረ ድስት ጎትቶ ክንዱ ተቃጠለ። እግዚአብሔር ይመስገን ቁስሉ እየዳነ ነው። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ጎረቤት ለቀበሌ ስላመለከተ ባለሙያ ቤቷ ድረስ መጥቶ፣ «ራስሽን እስክትችዪ ድረስ ልጆቹን ማሳደጊያ ብታስገቢያቸው ይሻላል» ብሎ መከራት። ምክሩ በክፋት የተሰጠ አይመስለኝም። የተቃጠለ ሕፃን ያየ ሰው ዝም ብሎ መሄድ አይችልም። እርሷ ግን በማግስቱ ወደ ትምህርት ቤት መጥታ፣ «መምህርት፣ እኔን የቸገረኝ ቀኑ ነው፤ ማታማ እኔው አለሁላቸው» አለችኝ። ይህን ከሰማሁ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ልጆቿን ከልብ የምትወድ፣ አብስላ የምታበላ፣ አጥባ የምታለብስ እናት፣ በቀን ውስጥ ጥቂት ሰዓት የሚይዝላት ስላጣች ብቻ ሌሊቱንም ጭምር ልትነጠቅ አይገባም ብዬ አምናለሁ። የግል ማቆያ ጠይቀን ነበር፤ የአንድ ልጅ የወር ክፍያው ከቤት ኪራይዋ ይበልጣል።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። ገንዘብ የሌላት እናት ልጆቿን ቀን ቀን አስቀምጣ ማታ የምትወስድበት፣ ወጪው በመንግሥት የሚሸፈን አገልግሎት እንድታገኝ የት፣ በምን መልክ ማመልከት ትችላለች? ባለሙያው የሰጣትን ምክር ባትቀበልስ ልጆቿ በግድ ሊወሰዱባት ይችላሉ?


መልስ 1፦ ጡረተኛ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ (ሳቢያን)

የተከበርሽ መምህርት፣ ለተማሪሽ ይህን ያህል ስለተጨነቅሽ አመሰግንሻለሁ። በዚህ ሥራ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቻለሁ፤ ያየሁትን በቅንነት ልንገርሽ።

በእጄ ባለፉት መዝገቦች ውስጥ ወላጅ እናትና አባቱን በሞት አጥቶ፣ ዘመድም ታጥቶለት ማሳደጊያ የገባ ልጅ የማስታውሰው ጥቂቱን ነው። የሚበዙት እናታቸው ወይም አያታቸው በሕይወት ያሉ፣ ቤታቸውም ከማሳደጊያው የአንድ ባጃጅ መንገድ የሚርቅ ልጆች ነበሩ። «ለጊዜው» ተብሎ የተጻፈው ቃል በመዝገቡ ላይ ዓመታት ይቆይ ነበር። እናት መጀመሪያ በየሳምንቱ ትጠይቃለች፤ ከዚያ በየወሩ፤ ቆይቶም ልጁ ሲያያት የሚሸሻት ትሆናለች። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከተማችንን በሌሊት ባጥለቀለቀ ጊዜ በአንድ ሌሊት ቤት ንብረታቸውን ካጡ ሰዎች ጋር ሠርቻለሁ። ያኔ የተማርኩት፣ ለእናትየው መጠለያና ስንቅ በፍጥነት ከተገኘ ልጁ ከጉያዋ እንደማይወጣ ነው። ድጋፉ የዘገየባቸው ግን ልጆቻቸውን ለሌላ አሳልፈው ሰጡ፤ አንዳንዶቹን መልሶ ማቀላቀል ዓመታት ፈጅቷል።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። በመጀመሪያ የምትሄዱት ወደ ቀበሌያችሁ የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ክፍል ነው። እዚያ ስትደርሱ «እርዳታ ፈልገን መጣን» ብቻ አትበሉ። ማመልከቻው ላይ «ልጆቹ ከእናታቸው እንዳይለያዩ የቀን ማቆያ አገልግሎት እንዲመቻችላቸው» ብላችሁ በግልጽ ጻፉ፤ እናትየው ከቤት የምትወጣበትንና የምትገባበትንም ሰዓት አስፍሩ። ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። በመሥሪያ ቤቶች ግቢ የተከፈቱት ማቆያዎች የሚሠሩት በቢሮ ሰዓት ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ቀፊራ ለምትገኝ እናት በቢሮ መግቢያ ሰዓት የሚከፈት በር የሚጠቅማት በከፊል ነው። የሰዓቱ ጉዳይ በጽሑፍ ካልቀረበ አገልግሎት ሰጪው «ቦታ ሰጥተናት ነበር፣ አልመጣችም» ብሎ መዝገቡን ሊዘጋው ይችላል።

ሁለተኛ፣ በከተማ ሴፍቲኔት (ለድሃ የከተማ ቤተሰቦች በሚሰጠው የድጋፍ ፕሮግራም) ታቅፋ እንደሆነ ጠይቂያት። ድሬዳዋና ሐረር ፕሮግራሙ በመጀመሪያው ዙር ከጀመረባቸው 11 ከተሞች መካከል ናቸው። መሥራት የሚችሉት በአካባቢ ልማት ሥራ ተሰማርተው ይከፈላቸዋል፤ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና የማይሽር ሕመም ያለባቸው ደግሞ ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። የልማት ሥራው ሰዓት ከገበያው ሰዓት ያነሰ ስለሆነ ልጆቿን ለማየት ይመቻታል። ይሁን እንጂ ሕፃን የያዘች እናት የሥራ ቦታው ላይ ልጇን የምታስቀምጥበት ጥላና ጠባቂ መኖሩን አስቀድማ ማረጋገጥ አለባት። ያ ከሌለ ችግሩ ቦታ ቀየረ እንጂ አልተፈታም።

በግድ ስለ መውሰድ የጠየቅሽውን የሕግ ሰው ቢመልሰው እመርጣለሁ። እኔ የማውቀው የባለሙያ ምክር ትእዛዝ አለመሆኑን ነው።


መልስ 2፦ ጠበቃ (ከዚራ)

የቀደሙት ባለሙያ በትክክል እንዳሉት ምክር ትእዛዝ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 9 እንደሚደነግገው፣ ልጅ ከወላጆቹ ያለ ፈቃዳቸው ሊለይ የሚችለው ሥልጣን ያለው አካል በሕግ መሠረት ለልጁ ጥቅም አስፈላጊ መሆኑን ሲወስን፣ ውሳኔውም በፍርድ ቤት ሊታይ የሚችል ሲሆን ነው። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 36ም ማንኛውም ሕፃን ወላጆቹን የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው ያስቀምጣል። ሆኖም ሕፃኑ ዳግመኛ ቢጎዳና እናትየው የቀረበላትን ድጋፍ አልቀበልም ብላ ቢገኝ ጉዳዩ ሌላ መልክ እንደሚይዝ ልትገነዘብ ይገባል። ስለዚህ ምክሩን «አልቀበልም» ብላ ዝም ከማለት ይልቅ «በምትኩ ይህ ይደረግልኝ» ብላ በጽሑፍ ማቅረቧ ይጠብቃታል።

የቀን ማቆያን በተመለከተ የኮንቬንሽኑ አንቀጽ 18 በቀጥታ የሚነካው ይህንኑ ነው፤ የሚሠሩ ወላጆች ልጆች ከሕፃናት ክብካቤ አገልግሎት የመጠቀም መብት እንዲኖራቸው መንግሥታት ተገቢውን እርምጃ ሁሉ እንዲወስዱ ያዛል። የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተርም በአንቀጽ 20 ተመሳሳይ ግዴታ ይጥላል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2009 ያጸደቀው የአማራጭ ክብካቤ (ከወላጆቹ ጋር ለማይኖር ልጅ የሚደረግ ክብካቤ) መመሪያ ደግሞ ድህነት ብቻውን ልጅን ከቤተሰቡ ለመነጠል ምክንያት ሊሆን እንደማይችል፣ ይልቁንም ለቤተሰቡ ድጋፍ እንደሚያስፈልግ ምልክት ሆኖ መታየት እንዳለበት ይናገራል። ቤተሰብ እንዳይበተን ከሚያግዙት አገልግሎቶች መካከልም የቀን ማቆያን በስሙ ይጠራዋል። ለዚህች እናት በተለይ የሚጠቅማት፣ ከ3 ዓመት በታች ያለ ሕፃን አማራጭ ክብካቤ ቢያስፈልገው እንኳ በቤተሰብ ውስጥ እንጂ በተቋም እንዳይሆን መመሪያው መምከሩ ነው፤ ትንሹ ልጅ በዚህ ዕድሜ ላይ ነው።

አንድ ክፍተት ግን ሳልጠቅስ አላልፍም። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው ሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዘዘ፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለተቀጣሪ እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ሰጠ። ጉልት ላይ የተቀመጠችው እናት ግን በአንዱም አትሸፈንም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 እንኳ መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን እንዲደግፋቸው ከሕፃናት መካከል በስም የሚጠቅሳቸው ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ የቀሩትን ሕፃናት ነው። እናቱ ያለችለት ነገር ግን እናቱ ጊዜ የሌላት ልጅ በሁለቱ መካከል ይወድቃል። በእኔ እምነት ከሁሉ አስቀድሞ ሊደፈን የሚገባው ክፍተት ይህ ነው።


መልስ 3፦ የገንደ ቆሬ አባት

የተባለውን ሁሉ አክብሬ አነበብሁት። ይሁን እንጂ እኛን ያሳደገን ጎረቤት ነበር፤ እናቴ ውኃ ቀድታ እስክትመጣ የምበላው ከሌላ ሰው ገበታ ነበር። ልጅን በየሕንፃው ማስቀመጥ ከተለመደ ጎረቤት ከጎረቤት እንዳይጠያየቅ ያደርገናል ብዬ እሰጋለሁ። ደግሞም አንዲት ሞግዚት 20 ሕፃን ይዛ የምትውልበትን ቤት በዓይኔ አይቻለሁ፤ ልጆቹ አልተጎዱም፣ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ አንድም ሰው አላነጋገራቸውም። በቤታቸው አፋን ኦሮሞ ወይም ሶማሊኛ የሚናገሩ ሕፃናት ደግሞ የጠባቂያቸውን ቋንቋ ባለማወቃቸው እንደ ዱዳ ተቀምጠው ይውላሉ። መንግሥት ይክፈል ስትሉ ለምን ዓይነት ቤት እንደሚከፈልም አብራችሁ ተናገሩ።


መልስ 4፦ ድሬዳዋ ተወልጄ ጀርመን የምኖር የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ

የገንደ ቆሬው አባታችን ያነሡት ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ የምሠራበትን አገር አሠራር ብናገር ለመልሱ ይረዳ ይሆናል። እርግጥ የሁለቱ አገሮች አቅም የማይገናኝ መሆኑን አውቃለሁ። የማካፍላችሁም ስለ ገንዘቡ ብዛት ሳይሆን ሕጉ ጉዳዩን ስላሰበበት መንገድ ነው።

እዚህ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የሕፃናትና ወጣቶች ድጋፍ ሕግ በአንቀጽ 32 «ታገስግሩፐ» ስለሚባል አገልግሎት ይደነግጋል፤ ቃሉ «የቀን ቡድን» እንደ ማለት ነው። ቤተሰቡ ችግር ላይ የወደቀ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ወደ ቡድኑ ይመጣል፤ ምሳ ይበላል፣ የቤት ሥራውን በድጋፍ ይሠራል፣ ከሌሎች ልጆች ጋር ይጫወታል፣ አመሻሽ ላይ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የሕጉ ቃል ዓላማውን ሲገልጽ ልጁ በቤተሰቡ ውስጥ መቆየቱን ማረጋገጥ ነው ይላል። እንዲሁም ልጁን መያዝ ብቻውን በቂ ስላልሆነ ከወላጆች ጋር መሥራት የአገልግሎቱ አካል ነው። ስለዚህ እናትን ወይም አባትን በየጊዜው እናገኛለን፤ ምን እንደከበዳቸው እንጠይቃለን፤ አንዳንድ ጊዜ የምናግዛቸው የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ በማንበብ ነው፣ አንዳንድ ጊዜ ልጁ ሲያስቸግር እንዴት እንደሚይዙት አብረን በማሰብ ነው።

በዚህ ሕግ ውስጥ እኔ ከሁሉ የማደንቀው ግን ድጋፉን የመጠየቅ መብት የተሰጠው ለወላጁ መሆኑን ነው። እናት ወደ ከተማው የወጣቶች ጉዳይ መሥሪያ ቤት የምትሄደው ተከስሳ ሳይሆን መብቷን ለመጠየቅ ነው። ዕቅዱም ከእርሷ ጋር ተቀምጦ ይጻፋል፤ በየጊዜውም እየታየ ይስተካከላል። ወጪውን የሚሸፍነው መንግሥት ሲሆን ወላጅ እንደ ገቢው መጠን መዋጮ ሊጠየቅ ይችላል። ለትንንሾቹ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2013 ጀምሮ አንድ ዓመት የሞላው ልጅ ሁሉ የማቆያ ቦታ የማግኘት ሕጋዊ መብት አለው። መብቱ በወረቀት ከሰፈረ በኋላም ቦታ የሚያጡ ብዙዎች ናቸው፤ ሆኖም ወላጆች ከተማውን ፍርድ ቤት ማቅረብ ይችላሉ።

አባታችን፣ ስለ ቋንቋው ያሉት ልቤን ነክቶታል። ስደተኛ ልጆች ወደ እኛ ሲመጡ ይኸው ዝምታ ይታይባቸዋል። መፍትሔው ከዚያው ሰፈር የሆኑ ጠባቂዎችን መቅጠር ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ሦስቱንም ቋንቋ አቀላጥፋ የምትናገር ሴት ማግኘት ከየትም አገር ይልቅ ይቀላል፤ ይህ ሀብት ሆኖ ሳለ ሳንጠቀምበት መቅረታችን ያሳዝነኛል።


መልስ 5፦ የሁለት ልጆች እናት (ሐረር)

እኔ ሐረር ገበያ ቅመም እሸጣለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአፎቻችን (እንደ ዕድር ባለው ማኅበራችን) የምንገናኝ ሰባት እናቶች ገንዘብ አዋጥተን አንዲት አሮጊት እናታችን ልጆቻችንን እንዲይዙልን አድርገን ነበር። ልጆቹ ወደዷቸው፤ እኛም ልባችን ዐርፎ ሠራን። የገንደ ቆሬው አባት እንዳሉት ጎረቤት ሲደጋገፍ ደስ ይላል። ነገር ግን እማማ ታመሙ፤ ሁለት እናቶችም ለመዋጮው አጡ፤ በአንድ ወር ውስጥ ነገሩ ሁሉ ፈረሰ። ከእኛ መካከል አንዷ ልጇን ገጠር ላሉ ዘመዶቿ ላከች፤ ልጁ እስካሁን አልተመለሰም። የጎደለን መተሳሰብ አልነበረም፤ የእማማን ደመወዝ በቋሚነት የሚከፍል፣ ሲታመሙም ተተኪ የሚያመጣ አካል ነበር። መንግሥት ይህን ቢሸፍን ጎረቤቱ ይበልጥ ይጠናከራል እንጂ አይፈርስም።


ጠያቂ፦ የዜሮ ክፍል መምህርት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የጻፋችሁትን ከእናትየው ጋር ሆነን አነበብነው፤ የሐረሯን እናት መልስ ሁለት ጊዜ እንዳነብላት ጠየቀችኝ።

በምክራችሁ መሠረት ማመልከቻውን ጽፈናል። ከቤት የምትወጣበትን፣ እኩለ ቀን ላይ የምትመለስበትንና ማታ የምትገባበትን ሰዓት ለየቀኑ አስፍረናል፤ ልጆቹ ያለ አዋቂ የሚውሉት በቀን ከ9 ሰዓት እንደሚበልጥ ደምረን ስናየው እርሷ ራሷ ደነገጠች። የሕግ ባለሙያው እንዳሉት ማሳደጊያ ማስገባቱን እንደማትመርጥና በምትኩ ምን እንደምትጠይቅ በግልጽ አስቀምጠናል። እኔም ለርእሰ መምህራችን አንድ ሐሳብ አቅርቤአለሁ። የዜሮ ክፍል ልጆች የሚማሩት በጠዋቱ ፈረቃ ስለሆነ ክፍላችን ከሰዓት በኋላ ባዶውን ይውላል። ቀበሌው የአንዲት ሞግዚት ደመወዝና የልጆቹን ምሳ የሚችል ከሆነ ክፍሉን ለመፍቀድ ዝግጁ መሆናቸውን ነግረውኛል። የሌሊቱ ሰዓት ግን ገና መልስ አላገኘም። እስከዚያው አንዲት ጎረቤት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ልጆቹን ልትይዝላት ተስማምታለች፤ ከዚያ በላይ ግን እርሷም ሥራ አላት።

ማክሰኞ ጠዋት በ3 ሰዓት ቀበሌ ተቀጥረናል። አባታችን ጡረተኛው፣ ከማመልከቻው ሌላ ምን ይዘን ብንሄድ ይበጃል?


መልስ፦ ጡረተኛ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ

የትንሹን የክትባት ካርድና ለቃጠሎው የታከመበትን ወረቀት፣ የትልቋን የቀሪ መዝገብ ቅጂ፣ የእናትየውን የቀበሌ መታወቂያ ያዙ። የጎረቤቲቱንም ስምምነት በሁለት መስመር አጽፋችሁ አስፈርሟት፤ እናትየው የምትችለውን ያህል መፍትሔ ራሷ እንደፈለገች ያሳያል። ማመልከቻው በመዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥርና ቀን ካልተሰጠው ከዚያ እንዳትወጡ። ልጆቹን ይዛችሁ ሂዱ፤ እናታቸው እቅፍ ውስጥ ሆነው ይዩአቸው። ማክሰኞ ጠዋት እኔም በዚያ በኩል ስለማልፍ በ3 ሰዓት ከበሩ አካባቢ እጠብቃችኋለሁ።